ተሳቢ ስጎትት የፒክአፔ ኋላ ቁጭ ይላል፤ ምን ላድርግ? ጥያቄዬና የመጡልኝ 31 ምላሾች

የጻፍኩት ጥያቄ አጭር ነበር። ካራቫን አለኝ፤ አልጋና ማብሰያ ያለው፣ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ። ከፒክአፔ ጋር ሳጋጥመው የመኪናዋ ኋላ ቁጭ ይላል፣ ፊቷ ደግሞ ሰማይ ያያል። ማታ ስነዳ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ረጅም መብራት ያበራሁ ይመስለውና ያብለጨልጭብኛል። እኔ ያበራሁት አጭሩን ነው። የአየር ሞላ ልግዛ ወይስ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ላስጨምር? የጠየቅኩት ይህንን ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ዋናው ጉዳይ እሱ መሆኑ ያኔ አልገባኝም። ባለፈው ጉዞ ዝናብ እየጣለ ኩርባ ስዞር መሪው ቀለለብኝ። እጄ ላይ ምንም አልከብድ አለ። ለሁለት ሰከንድ ያህል መኪናዋ ወደምመራት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፊት ተንሸራተተች። ከዚያ ጎማዋ ያዘ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የበሩን እጀታ ግን ጨብጣ ይዛዋለች። ልጆቹ ከኋላ ተኝተው ነበር።

ምላሾቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ እተርካቸዋለሁ። እንደኔ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

1ኛው መላሽ በሰላምታ ነው የጀመረው። የአየር ሞላ አስገጥሞ ስድስት ዓመት እንደነዳ፣ ሥራው ግማሽ ቀን እንኳን እንደማይፈጅ ነገረኝ። ነገሩ ከሻንሲውና ከኋላ አክስሉ መካከል የሚገባ የጎማ ፊኛ ነው። ተሳቢ ሲጋጠም ይነፋል፣ ሲፈታ ይተነፍሳል። ሲነፋ የመኪናዋ ኋላ ቀጥ ይላል። 2ኛው ተስማማ፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጨመረ። ፊኛው ያለ ተሳቢ ስንነዳም ጭራሹን አየር አልባ መሆን የለበትም፤ ይጨማደድና ይቀደዳል። አምራቹ የሚጽፈው ዝቅተኛ ግፊት አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ፒኤስአይ፤ እሱን ሁልጊዜ መያዝ አለበት። ደስ አለኝ። ልገዛው ነበር።

ያቆመኝ 3ኛው ነው። እሱ የጠየቀኝ ኋላዋ ስንት እንደወረደ ሳይሆን ፊቷ ስንት እንደተነሳ ነው። መብራቱን ለጊዜው እንድተወው፣ ያ በኩርባው ላይ የነገርኩት የመሪ መቅለል ግን እንዳሳሰበው ጻፈ። ሜትር ይዤ እንድለካ ለመነኝ። በእውነት ልመና ነበር የሚመስለው።

4ኛው ባሌስትራ አስጨምሮ እንደተገላገለ ተረከ። የሚያስከፋው ነገር ግን ተሳቢ ሳይኖር መኪናዋ እንደ ጋሪ መንጠሯ ነው፤ የተጨመረው ብረት ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለሆነ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ መቀየር እንዳለባቸው፣ ትንሽ ከተነዳ በኋላም ዳግም መጥበቅ እንዳለባቸው አስታወሰ። ይህችን ማስታወሻ ያዝኳት። 5ኛው ትልቅ መኪና እንድገዛ በአንድ መስመር መክሮኝ ሄደ።

6ኛው የእኔው ነው። ለካሁ። ሜዳ ቦታ ፈልጌ ቆምኩ፣ ከመሬት ተነስቼ በጎማው መሐል አልፌ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ። የለካሁበትን ቦታ እንዳልስት ፓራፋንጎው ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጠፍኩ። ተሳቢው ሳይጋጠም ፊት 94 ሴንቲ ሜትር፣ ኋላ 100። ሲጋጠም ፊት 96.4፣ ኋላ 91። ኋላዋ 9 ወርዷል። ፊቷ 2.4 ተነስቷል። 2.4 ትንሽ መስላኝ ነበር።

7ኛው ትንሽ እንዳልሆነች አሳየኝ። በቅጡ የተጻፈ፣ ረጅም ምላሽ ነው፤ የዚህ ሁሉ ውይይት ልብ እሱ ይመስለኛል። ተሳቢው መጋጠሚያው ላይ የሚጥለውን ክብደት የአፍንጫ ክብደት ብሎ ጠራው። ይህ ክብደት የሚያርፈው ከኋላ አክስሉ ላይ ሳይሆን ከአክስሉ ወደ ኋላ ዘልቆ፣ ተሳቢው በሚቆለፍበት የብረት ኳስ ላይ ነው። ስለዚህ የኋላ አክስሉ እንደ መደገፊያ ይሆንና መኪናዋ እንደ ዘንግ ትሠራለች፤ ጭራዋ ሲጫን ፊቷ ይነሳል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለውን ርቀትና ከኋላ አክስሉ እስከ ኳሱ ያለውን እንድለካ ነገረኝ። 3.60 ሜትርና 1.20 ሜትር ሆኖ አገኘሁት። የአፍንጫው ክብደት 300 ኪሎ ነው ብለን ብንገምት፣ 300 በ1.20 ተባዝቶ ለ3.60 ሲካፈል 100 ይመጣል። ይህ ማለት ፊት አክስሉ 100 ኪሎ ያጣል። የኋላው ደግሞ የሚሸከመው 300 ሳይሆን 400 ነው፤ ራሱ የተጫነበትም፣ ከፊት የተነሳውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። መሪው የሚሠራው በፊት ጎማ ነው። ፍሬን ስንይዝ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊት ጎማ ነው። እኔ ግን ከዚያ ላይ ክብደት አንስቼ ዝናብ ላይ ስነዳ ነበር።

8ኛው ከ7ኛው ተነስቶ ወደ 1ኛው ተመለሰ፣ በአክብሮት። የአየር ሞላ ኋላዋን ያነሳታል፣ ክብደቱን ግን ወደ ፊት አይመልሰውም አለ። ፊኛው የቆመው በዚያው በኋላ አክስል ላይ ነው። ከላይ የመጣው ክብደት በባሌስትራ ቢወርድ በፊኛ ቢወርድ ያው አንድ አክስል ላይ ነው የሚያርፈው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትታያለች፤ ፊት ጎማዋ ግን እንደቀለለ ነው። የሚፈራው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ የኋላዋ ቁጭ ማለት የሚያስጠነቅቀን ነገር ነበር፣ ፊኛው ያንን ይደብቀዋል።

9ኛው 1ኛው ራሱ ነው። ቅር ብሎታል። ስድስት ዓመት ቤተሰቡን ይዞ እንደነዳ፣ አንድ ቀን እንኳን እንዳልተንሸራተተ፣ በሂሳብ የሚያስፈራሩ ሰዎች መኪና ይንዱ አይንዱ እንደማያውቅ ጻፈ። 10ኛው ባሰበት። ስድስት ዓመት ምንም አለመድረሱ ትክክል መሆኑን አያሳይም፣ ዕድል ነው ሲል መለሰለት፤ አጻጻፉም ደረቅ ነበር። 1ኛው ሰውዬ ክፉ አስቦ አልመከረኝም። እኔ በጠየቅኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ነው ጊዜውን ሰጥቶ የመለሰልኝ። እንዲህ መመታት አልነበረበትም።

11ኛው ጠቡን አልፎ መፍትሔውን ይዞ መጣ። ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ የሚባል አለ። ከመጋጠሚያው ራስ ወደ ኋላ የሚዘረጉ ሁለት የብረት ዘንጎች አሉት፣ ጫፋቸው በሰንሰለት ተሳቢው ሻንሲ ላይ ይታሰራል። ሰንሰለቱ ሲያጥር ዘንጎቹ እንደ ቀስት ይለመጣሉ፤ መጋጠሚያው ወደ ታች እንዳይሰበር ይይዙታል። እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ያመጣው ምሳሌ በጣም ገባኝ። አሸዋ የጫነ ካሪዮላ እጀታውን ይዘህ ስታነሳው ክብደቱ ወደ ፊት ጎማው ይሄዳል። ዘንጎቹም የመኪናዋን ጭራ እንደ ካሪዮላ እጀታ ያነሷታል፤ የጠፋው ክብደት ከፊሉ ወደ ፊት አክስል ይመለሳል፣ ትንሹ ደግሞ ወደ ተሳቢው አክስሎች ይሄዳል። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም እንዲህ አስረድቶኝ አያውቅም።

12ኛው ሴት ነች፤ ራሷ ለዓመታት እንደምትጎትት ገልጻለች። ሌላ ነገር ከመግዛቴ በፊት ሦስት ቁጥሮች እንዳመጣ አዘዘችኝ። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን የመጫን አቅም። መኪናዋ ላይ ያለው መቀበያ፣ ማለትም መጎተቻው የሚሰካበት ብረት፣ የተጻፈበትን። የሚዛን ውጤት። የሚዛኑን አካሄድም ዘርዝራ ሰጠችኝ፤ መጀመሪያ መኪናዋን ብቻዋን፣ ከዚያ ከተሳቢው ጋር፣ አከፋፋይ ካለ ደግሞ ሰንሰለቱ ተፈትቶና ታስሮ። በየጊዜው የፊትና የኋላ አክስሉን ለየብቻ።

የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ሄድኩ። 13ኛው ምላሽ የዚያ ውጤት ነው። ከተሳቢው ጋር ፊት አክስሏ 120 ኪሎ ቀንሷል። ኋላዋ 480 ጨምሯል። ልዩነታቸው 360፤ የአፍንጫው ክብደት እሱ ነው። እኔ 260 ነው ብዬ ነበር የማስበው። ተሳቢው ከነጭነቱ 2,600 ኪሎ ስለሆነ 10 በመቶ ብዬ በግምት ይዤው ነበር። መቀበያው ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ያለ አከፋፋይ 227 ኪሎ፣ ከአከፋፋይ ጋር 544። ስለዚህ ያለ አከፋፋይ ስጎትት መቀበያው ከተፈቀደለት 133 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ነው የከረመው። ጽሑፉ ዝገትና አቧራ ለብሶ ነበር፤ በጨርቅ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አንዴም ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

14ኛዋ ያቺው 12ኛዋ ነች፤ ደመረችልኝ። አፍንጫ 360፣ አከፋፋይ ስገዛ ብረቱ ራሱ ወደ 45፣ አራታችን 250፣ ካሶኒው ላይ የጫንኩት ጄኔሬተርና የመሣሪያ ሣጥን 150። ድምሩ 805። በሩ ላይ የተጻፈው 690። በ115 ኪሎ አልፋለሁ ማለት ነው። የአፍንጫ ክብደት ከመጫን አቅሙ ላይ እንደሚቀነስ ብዙ ሰው አያውቅም ብላ አጽናናችኝ። ደግሞም የአየር ሞላም ሆነ ተጨማሪ ባሌስትራ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር እንደማይቀይረው አጥብቃ ጻፈች። ፍሬኑ ያው ነው፣ አክስሉ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው።

15ኛው ግን አላዘነልኝም። ልጆች አስቀምጦ እንዲህ መንዳት ኃላፊነት የጎደለው ነው፣ ከእኔ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰውም ልጆች አሉት አለኝ። አንብቤው ስልኬን አስቀመጥኩ። ማታ መልሼ አነበብኩት። የተናገረበት መንገድ ጎድቶኛል፤ የተናገረው ነገር ግን ልክ ነው።

16ኛው ነገሩን አበረደው፤ ግን ሌላ አደጋ አሳየን። እሱም እንደኔ ኋላዋ ሲወርድበት የተሳቢውን ዕቃ ሁሉ ወደ ኋላ አዞረ። ብስክሌቶቹን ተሳቢው ጀርባ ላይ ሰቀለ። መኪናዋ ቀጥ አለች፣ ደስ አለው። ከዚያ ቁልቁለት ላይ አንድ አውቶቡስ ሲያልፈው ተሳቢው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ፍሬን ረገጠ፤ ባሰ። ያዳነው የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው በእጅ የሚይዘው ማንሻ ነው። ነዳጁን ለቀቀ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ማንሻውን ብቻ ገፋ፣ ተሳቢው ተረጋጋ። በኋላ ሲመዝነው የአፍንጫው ክብደት ከተሳቢው 7 በመቶ ብቻ ነበር። ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከ10 ሲያንስ ተሳቢው ራሱን መምራት ይጀምራል። ኋላዋ እንዳይወርድ ብሎ አፍንጫውን ማቅለል ትልቁ ስሕተት እንደሆነ የጻፈው ከልቡ ነበር።

17ኛው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። የውሃ ታንኩ የት ነው? ሄጄ አየሁ። ከፊት፣ ከአልጋው ሥር። 140 ሊትር ይይዛል፤ ሁልጊዜ ሞልቼ ነው የምነሳው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ታንኩ ከተሳቢው አክስል 3 ሜትር ያህል ወደ ፊት ስለሆነ፣ ከኳሱ እስከ አክስሉ ደግሞ 5 ሜትር ስለሆነ፣ ከ140ው ውስጥ 84 ኪሎ የሚወርደው አፍንጫው ላይ ነው። የምንሄድበት ቦታ ውሃ አለ። ይህን ሁሉ ክብደት ያለ ምክንያት ስጎትት ኖሬያለሁ።

ከ18 እስከ 21 ያሉት ከነገሩ ወጡ። አንዱ ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት እንዳቃተው አነሳ፣ ሌሎቹ ተረባረቡለት። እጅን መሪው ታች ላይ ማድረግ፤ ያኔ እጅህ ወደሄደበት ተሳቢውም ይሄዳል። ሚስቱ ከኋላ ቆማ ስትመራው እንደሚጣሉ የተረከም ነበር። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ተጫወቱ። ከዚህ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የምትጠቅም አንዲት ነገር 20ኛው ላይ አገኘሁ። መወዛወዝን በሰበቃ የሚከላከለው ዘንግ ካለህ ወደ ኋላ ከማስገባትህ በፊት ፍታው፤ አለበለዚያ ሲታጠፍ ይጣመማል።

22ኛው ወደ ጎማ አመጣን። መኪናዬ ላይ ያለው የቤት መኪና ጎማ ዓይነት፣ መጠኑ በ«ፒ» ፊደል የሚጀምር ከሆነ፣ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም አቅሙ ለ1.10 እንደሚካፈል አስረዳ። 1,100 ኪሎ የተጻፈበት ጎማ 1,000 ተብሎ ይቆጠራል ማለት ነው። ጎኑ ለስላሳ ስለሆነም ኋላዋ ሲጫን ይዋልላል። የተሳቢ ጉዞ ላይ የኋላ ጎማ ግፊት ቢያንስ በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል መሆን አለበት፣ ያውም ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲለካ። 23ኛው ደግሞ ባሌስትራው ራሱ አርጅቶ እንደሆነ እንዳይ መከረኝ። ባዶዋን ስትቆም ኋላዋ ከፊቷ ከፍ ካላለ፣ ወይም ባሌስትራው ቅስቱን አጥቶ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ያኔ ችግሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ባሌስትራው ይቀየራል። የእኔ በ6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ትል ስለነበር ደህና ነው።

ከዚያ ጠብ ተነሳ፤ ይህ ጠብ ግን የሚጠቅም ነበር። 24ኛው የአየር ሞላም አከፋፋይም አለው። መጀመሪያ ፊኛውን ነፍቶ መኪናዋን ቀጥ ያደርጋታል፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ያስራል። 25ኛው ይህ ፍጹም ስሕተት ነው፣ ፊኛው ዝቅተኛ ግፊቱ ላይ ሆኖ ሰንሰለቱ ይታሰር፣ ከዚያ የጎደለውን ትንሽ ብቻ ይነፋ ሲል ተነሳበት። ሁለቱም የየራሳቸውን አምራች መመሪያ ጠቅሰዋል። በመሐል ሞኝ መባባልም ነበር።

26ኛው፣ ያ የካሪዮላውን ምሳሌ ያመጣው፣ ተመልሶ ነገሩን ፈታው። መኪናዋና ተሳቢው ሲጋጠሙ መጋጠሚያው ላይ ወደ ታች ይሰበራሉ። ዘንጎቹ የሚሠሩት ያንን ስብራት እየተቃወሙ ነው። ከሰንሰለቱ በኋላ ፊኛውን ብትነፋ መጋጠሚያው ይነሳል፣ ስብራቱ ይቀናል፣ ዘንጎቹም ይላላሉ፤ ወደ ፊት የተመለሰው ክብደት እንደገና ወደ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሠራ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ የፊት ፓራፋንጎውን መለካት ግድ ነው። ፊቷ ከፍ ካለ ሰንሰለቱ ይበልጥ ያጥራል ወይም አየሩ ይቀነሳል። 24ኛው አመሰገነ። 25ኛው አልተመለሰም።

27ኛው ስለ ማብዛት አስጠነቀቀ። ሰንሰለቱን አሳጥሮ ፊቷን ልክ እንደ ባዶዋ 94 ላይ ማምጣት ጥሩ ይመስላል፤ ግን ክብደቱ ከኋላ ጎማ ላይ አላግባብ ከተወሰደ እርጥብ ኩርባ ላይ ጭራዋ ይንሸራተታል። ብዙ አምራቾች የሚጠይቁት ከጠፋው ግማሽ ያህሉ እንዲመለስ ነው። የመኪናዬን መመሪያ አየሁ፤ ግማሹን ይላል። በነገራችን ላይ ይህ ምላሽ ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚታሰርም አስተምሮኛል። በረጅም ቧንቧ እየተጎተተ አይደለም፤ ካመለጠ አገጭ ይሰብራል። ተሳቢው ኳሱ ላይ ከተቆለፈ በኋላ የአፍንጫውን ክሪክ እየጠመዘዙ ተሳቢውንም የመኪናዋንም ጭራ አንድ ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ያኔ ሰንሰለቱ በእጅ ይገባል። ክሪኩ ሲወርድ ዘንጎቹ ራሳቸው ይወጠራሉ፤ ብረቱ ቀስ ብሎ ሲለመጥ ዓይንህ ያየዋል።

28ኛው የእኔ ሪፖርት ነው። አከፋፋይ ገዛሁ፣ ዘንጎቹ ለአፍንጫዬ ክብደት የሚመጥኑ። ከሚገባው በላይ ወፍራም ከሆኑ አይለመጡም፣ ሻንሲውን ይደበድባሉ። ታንኩን አፈሰስኩ። ከካሶኒው 110 ኪሎ አንስቼ ተሳቢው ውስጥ፣ ልክ አክስሎቹ ላይ አስቀመጥኩ። ካሶኒው ላይ የቀረው 40 ነው። ተሳቢው አሁን 2,570 ይመዝናል፤ ለራሱ ከተፈቀደለት 3,000 በታች ነው። አፍንጫው 280፣ ወደ 11 በመቶ። የመኪናዋ ሸክም ሲደመር 615፤ ከ690ው በታች።

ከዚያ መጠኑ። ካሶኒው ስለቀለለ ባዶዋን ኋላዋ 102 ላይ ትቆማለች። ሰንሰለቱ ሳይታሰር ተሳቢው ሲጋጠም ፊት 95.9 ሆነ። የመጀመሪያ ጊዜ አጥብቄ ሳስር 94.3 ላይ ወረደ፤ አበዛሁት። አንድ ቀለበት ለቀቅኩ። 94.9። ኋላዋ 96.5። ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ፊት አክስሏ ከጠፋባት 93 ኪሎ ውስጥ 47ቱ ተመልሷል። ኋላዋ አሁንም 5.5 ሴንቲ ሜትር ወርዳለች፤ እኔም ትቼዋለሁ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ተሳቢውም ቀጥ ነው፣ አፍንጫው ሽቅብ አላለም። ማታ ወጣሁ። አንድም ሰው አላብለጨለጨብኝም። መሪው ደግሞ ከበደኝ። ያ ክብደት እጄ ላይ ሲመለስ ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

29ኛው 1ኛው ሰውዬ ነው። ይጽፋል ብዬ አልጠበቅኩም። እሱም ሚዛን ላይ ሄዶ ነበር። የእሱ ተሳቢ ትንሽ ስለሆነ ፊቷ የምታጣው 40 ኪሎ ብቻ መሆኑን፣ መቀበያውም እንደሚችለው አረጋግጦ መጣ። ስለዚህ የአየር ሞላው ለእሱ ደህና ነው። ለእኔ ግን ሳይጠይቅ መምከሩ ልክ እንዳልነበረ ጻፈ። አመሰገንኩት፤ መጀመሪያ የመለሰልኝ እሱ መሆኑንም አልረሳሁም።

30ኛዋ፣ ያቺው የደመረችልኝ፣ አንድ ያልጨረስኩት ነገር አሳየችኝ። ውሃ የሌለበት ቦታ ስሄድ ታንኩን መሙላቴ አይቀርም። ያኔ አፍንጫው ወደ 364 ይወጣል፣ የመኪናዋ ሸክም ከ690 አልፎ ወደ 699 ይሄዳል፣ የሰንሰለቱም ቁጥር ይቀየራል። ለሁለቱም ሁኔታ ለየብቻ ለክቼ ጽፌ እንድይዝ ነገረችኝ።

31ኛው የእኔ መልስ ነው። ልክ ነሽ አልኳት። የቀረውን 40 ኪሎም ከካሶኒው ላይ አነሳለሁ፣ ያኔ 659 ይሆናል። ቅዳሜ ታንኩን ሞልቼ ሚዛኑ ላይ እመለሳለሁ። ሁለት መስመር ያለው ወረቀት ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ለጥፌያለሁ፤ የላይኛው ላይ ባዶ ታንክ ይልና ቀለበቱና 94.9 ተጽፎበታል። የታችኛው ቦታው ክፍት ነው።